ሐጂ የጠጡት ገጽ

ሰኞ፣ ሰኔ 9

ገጹ አለ። ኑሩ አልዋሸም።

ትናንት ከጉንደ ወይን ስመለስ ይህን ለመጻፍ እጄ እምቢ አለኝ። ዛሬም ከዚህ ደብተር በቀር ለማንም አልነገርኩም።

ኑሩ የማስተርስ ተማሪዬ ነው፤ አማካሪው እኔ ነኝ። ዓመቱን ሙሉ «ቤታችን በእጅ የተጻፈ አሮጌ የዐረብኛ መጽሐፍ አለ፤ የጸሐፊው ስምና ዘመን መጨረሻው ገጽ ላይ ሰፍሯል» ሲለኝ ከረመ። እኔም ዓመቱን ሙሉ በረቂቁ ዳር ዳር ላይ በቀይ እስክሪብቶ «የሰፈር ወሬ» እያልኩ ጻፍኩበት። ቅዳሜ ጉንደ ወይን፣ ቤተሰቦቹ ዘንድ፣ የሄድኩት ለማየት አልነበረም፤ ነገሩን ለመዝጋት ነበር። ዓርብ መመረቂያ ጽሑፉን ፈታኞች ፊት ያቀርባል፤ ሦስተኛው ምዕራፍ እንዳለ የቆመው በዚያ ገጽ ላይ ነው። መጽሐፉ ከሌለ ምዕራፉም የለም፣ እኔም በሰላም እተኛለሁ ብዬ ነበር።

የማልተኛበት ምክንያት ይኸውና። የመካከለኛውን ዘመን የእስልምና ታሪክ ዐሥራ አራት ዓመት አስተምሬያለሁ። ስም ያወጣልኝ ግን አንድ ጽሑፍ ነው፤ በዚህ አገር ገበያዎች ሙስሊሙ ነጋዴ ለረጅም ዘመን አልፎ ሂያጅ ነበር፣ ተቀምጦ መጽሐፍ መጻፍ የጀመረው በቅርቡ ነው ይላል። የተባባሪ ፕሮፌሰርነት ማዕረግ የጠየቅሁት በእርሱ ነው። ኮሚቴው የሚሰበሰበው የፊታችን ሰኞ። ገጹ ላይ ያለው ዘመን እኔ ካልኩት በሁለት መቶ ዓመት ይቀድማል።

የኑሩ አባት ሐጂ ሰይድ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ልባቸው ደክሟል፤ ትራስ ተደግፈው ነው የሚያወሩት። መጽሐፋቸው ፎቶ አይነሣም። አንድ እንግዳ የሌላ ቤተሰብ መጽሐፍ ፎቶ አንሥቶ ሄደ፣ በወሩ መጽሐፉ ተሰረቀ፤ ከዚያ ወዲህ «ፎቶ ለሌባ መንገድ ማሳየት ነው» ይላሉ። የፈለገ እዚያው ቁጭ ብሎ በእጁ ይገልብጥ። ኑሩም የገለበጠው በእጁ ነው። ሳይታጠቡም አይነካም። እናቱ ወይዘሮ ዘይነባ በማንቆርቆሪያ ውሃ ይዘው መጡና ውዱእ እንደሚያደርግ ሰው እጄን፣ ፊቴን፣ እግሬን አስታጠቡኝ። «እኔ እኮ ክርስቲያን ነኝ» አልኳቸው። «ውሃው አይጠይቅሽም» አሉኝ።

መጨረሻውን ገጽ የገለጡልኝ እርሳቸው ናቸው። ከግማሽ በላዩ ባዶ ነው። አምስት መስመር። የጸሐፊው ስም፣ የአባቱ ስም፣ «ከወንዙ ማዶ ባለው ገበያ»፣ ከዚያ ዓመቱ። ዓመቱ የተጻፈው በቃል እንጂ በአኃዝ አይደለም፤ ተሳስቼ አነበብኩ ማለት አልችልም። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዤ አየሁት። የዚያው ዘመን ወረቀት ነው።

እኔ ሲጨንቀኝ አስተምራለሁ። ወይዘሮ ዘይነባ «ይኼ ቀለም ከምን ተሠራ?» ቢሉኝ ጊዜ ማን ያቁመኝ። «ከጥላሸትና ከግራር ሙጫ ነው፤ መርዝ የለበትም። ጠላቱ ውሃ ነው። ውሃ ውስጥ ቢገባ ይለቃል፤ አንዲት ፊደል አትቀርም። ከጣራ ፍሳሽ ጠብቁት» አልኩ።

«አንዲት አትቀር?»

«አንዲት!»

እንደርሳቸው የሚያዳምጥ ተማሪ ኖሮኝ አያውቅም ብዬ ደስ አለኝ።

ሚኒባሱ ውስጥ ኑሩ «እንግዲህ አመኑኝ ዶክተር?» አለ። «ዓርብ እንነጋገራለን» አልኩት። ፈገግ አለ። እሺ ያልኩት መስሎታል።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 10

የሁለተኛ ዓመቶቹ ክፍል። ርዕሱ ንግድና እስልምና። አንዷ ልጅ ፈተናው ላይ «በአካባቢያችን ሙስሊም ነጋዴዎች ከጥንት ጀምሮ ይኖሩ ነበር» ብላ ጽፋለች። አስነሣኋት።

«ማን ነገረሽ?»

«አያቴ።»

«አያትሽን ጥቀሻት እንግዲህ። ገጽ ስንት ላይ ናቸው?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ልጅቷ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ትክክል እንደሆነች ከገጹ ላይ ባየሁ በሦስተኛው ቀን ነው ይህን ያደረግሁት። አፌ ለምዷል፤ ከእኔ ቀድሞ ይሄዳል።

የሚያስጨንቁኝ፦

ኮሚቴው።

ኑሩ። ውጤቱ «እጅግ በጣም ጥሩ» ከሆነ እዚሁ ረዳት መምህር ሆኖ ይቀጠራል። ካልሆነ ተመልሶ ጨርቅ ይመትራል።

የቢሮዬ ጣራ። ያፈሳል።

ጽሑፌ ውስጥ «ጥናቶች እንደሚያሳዩት» ያልኩት ቦታ። የትኞቹ ጥናቶች? ዛሬ ደግሜ ሳነበው አንድም አላገኘሁም።

ከሰዓት በኋላ አንድ መውጫ አገኘሁ። ገልባጭ ሰው ፊቱ ያለውን የአሮጌ መጽሐፍ ቀን አብሮ ሊገለብጥ ይችላል፤ ስለዚህ ቀኑ አሮጌ ሆኖ መጽሐፉ አዲስ ሊሆን ይችላል። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ የትም ቢጠየቅ አያሳፍርም። የሚያሳፍረው ከፍርሃት የመጣ መሆኑ ነው። የሆነ ሆኖ ለዓርብ ጻፍኩት።

የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ዶክተር ይበልጣል «ለኑሩ ስንት ሰዓት እንያዝለት?» ብሎ ደወለ። «ዓርብ ስድስት ተኩል» አልኩ። ከዘጋሁ በኋላ ነው የጁምዓ ሶላት ሰዓት መሆኑ ትዝ ያለኝ። የእስልምናን ታሪክ የማስተምር ሴትዮ ረሳሁት ብል ማን ያምነኛል? እኔም አላምን። ለማስቀየርም አልደወልኩም። ኑሩ ሲነገረው «እሺ» ብቻ አለ አሉ።

አመሻሽ ላይ ደወለልኝ። አባቱ ትንፋሽ አጥሯቸዋል። መንገዱ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ተዘግቷል።

ረቡዕ፣ ሰኔ 11

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ኑሩን ቢሮዬ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ጤና ጣቢያው «ቶሎ ማርቆስ ሆስፒታል አድርሷቸው» ብሏል። በምን? ከዚያ የሚወጣ መኪና የለም፣ ከዚህም የሚሄድ የለም። «ዶክተር፣ የሚያውቁት ሰው አለ?» አለኝ።

አለ። የአክስቴ ልጅ አምቡላንሶቹን የሚያሰማራው እርሱ ነው፤ የተዘጋ መንገድም ለአምቡላንስ አንዳንዴ ይከፈታል። ኑሩ ፊት ደወልኩለት። ጠራ፣ አላነሣም። «አያነሣም» አልኩ። ኑሩ አመሰገነኝ።

ሁለተኛ አልደወልኩም። እውነቱን እዚህ ካልጻፍኩት የት እጽፈዋለሁ? ለሐጂ ክፉ አልተመኘሁም። ግን ከመጡ መጽሐፉን ታቅፈው ይመጣሉ ብዬ አሰብኩ። ዓርብ መጽሐፉ እዚሁ ሆስፒታል፣ ከአዳራሹ ሁለት ታክሲ ርቀት ላይ ይሆናል፤ ፈታኙ «እስቲ እንየው» ይላል። ይህን አሰብኩና ስልኩን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

ፈተናው ይራዘምልኝ ብሎም ጠየቀኝ። ፈታኙ ከሌላ ከተማ ለአንተ ሲል መጥቷል፣ አይሆንም አልኩት። ፈታኙ የመጣው ለአራት ተማሪዎች ነው።

ሐሙስ፣ ሰኔ 12

የሰኔ ሚካኤል። እናቴ በዝናብ ሄዳ በዝናብ ተመለሰች፤ በሃይላንድ ጠበል ይዛለች። ለራስ ምታቴ ነው። ጠጣሁ። ያንን ሰዓት ምንም አላሰብኩም።

ስምንት ሰዓት ላይ ኑሩ መጣ። ፊቱ እንቅልፍ አጥቶ አብጧል፣ ግን ይስቃል። «አባባ ትናንት ማታ ተኛ» አለኝ። «ሦስት ቀን ዓይኑን ሳይከድን፣ ትናንት ተኛ።»

«መድኃኒት ተገኘ?»

በመድኃኒት እንዳልሆነ ነገረኝ። እናቱ መኪናውንም መድኃኒቱንም ሲያጡ መጽሐፉን አወረዱ። መጽሐፉን የጻፈው የሸኹ እጅ ያረፈበት ቀለም ሽፋ፣ ፈውስ፣ እንዳለው እዚያ ቤት ሁሉም ያውቃል፤ እስከ ዛሬ የሚፈሩት ቀለሙን ነበር፣ ሰው ይመርዛል እያሉ። አሁን መርዝ እንደሌለው የተማረች ሰው ነግራቸዋለች። የአላህ ቃል ያለበትን ገጽ መንካት ነውር ነው። መጨረሻው ገጽ ግን ሸኹ ስለ ራሱ የጻፈው ነው፤ እርሱን ቢያጥቡት ከቁርአኑም ከዱዓውም የሚጎድል የለም። ሳህን ውስጥ ዘረጉት፣ ውሃ አፈሰሱበት። ለቀቀ። በፍንጃል ቀዱላቸው።

«‹ዶክተሯ እውነቷን ነው፣ አንዲት ፊደል አልቀረችም› አለችኝ በስልክ» አለ ኑሩ። አሁን አይስቅም። «እናቴን ምን ልበላት ዶክተር? አባቴን ልታድን ነው።»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። የኔ አፍ ያመለጠው ትምህርት እየሰጠሁ ነው።

መጀመሪያ የተሰማኝን ልጻፈው፦ ደስ አለኝ። ደረቴ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ የተነሣልኝ ያህል። «አይዞህ፣ የእጅ ግልባጭህ አለ» አልኩት። ከዓርቡ ፈተና አንዲት የእጅ ግልባጭ እንደማታተርፈው ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ኑሩ ሲወጣ እጄን ስሞ ወጣ።

ዓርብ፣ ሰኔ 13

አዳራሹ ሞልቷል። መስጊዱ አዛን ሲያሰማ ኑሩ ሁለተኛውን ምዕራፍ እያቀረበ ነበር። አንድ ጊዜ ቆመ፣ ቀጠለ።

ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ፈታኙ መነጽሩን አወለቀ። «ዋናው ገጽ የት ነው?»

«ታጥቧል» አለ ኑሩ።

«ማለት?»

«አባቴ ታሟል። እናቴ አጥባ አጠጣችው።»

ከኋላ አንድ ሰው ፍርፍር ብሎ ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም። ፈታኙም ሳቁን መያዝ አቃተው። «እኔ ምንጭ ጥቀስ እንጂ ምንጭ ጠጣ ሲባል ሰምቼ አላውቅም» አለ። ይህንን ቀልድ እኔም በሌላ ቀን እቀልደው ነበር። ዛሬም ጥርሴ ታይቷል፤ ፊት ለፊት ያለው መስታወት ላይ አየሁት።

ኑሩ አልሳቀም፣ አልተቆጣም። ወደ እኔ ዞረ። ፈታኙም ዞረ። «አማካሪዋ ዋናውን አይተውታል?»

«በእጅ የተገለበጠውን አይቻለሁ» አልኩ።

ውሸት አይደለም። አይቼዋለሁ። ከዚህ የከፋ እውነት ግን በዕድሜዬ ተናግሬ አላውቅም።

ኑሩ ትንሽ ጠበቀ። የምቀጥል መስሎት ነበር። ከዚያ ወረቀቱን ገለጠና «አራተኛ ምዕራፍ» አለ።

ውሳኔ፦ ሦስተኛው ምዕራፍ ይውጣ። ውጤት፦ «አጥጋቢ»። ረዳት መምህርነቱ አበቃ።

ኮሪደሩ ላይ አገኘሁት። የሚጮህብኝ መስሎኝ ቦርሳዬን ደረቴ ላይ ያዝኩ። «እናቴ እግርዎን አጥባ ነበር» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ከዚያ የሚሰገድበት ቦታ ፈልጎ ሄደ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 14

መንገዱ ተከፈተ።

ሐጂ ሰይድ ጎህ ሲቀድ ሞቱ። ከተማሪዎቹ ነው የሰማሁት። ኑሩ በመጀመሪያው ሚኒባስ ሄዷል።

እናቴ ሽሮ አቀረበች፣ አልበላሁም። «ምን ሆነሻል?» አለች። «ተማሪዬን አባቱ ሞቱበት» አልኳት። «ነፍስ ይማር። እና አንቺ ምን አደረግሽ፣ ገደልሻቸው?» አለች። የወትሮ አነጋገሯ ነው።

እሑድ፣ ሰኔ 15

ለቅሶ ደረስኩ።

ኑሩ ለቀብር አልደረሰም፤ ቢቸና ላይ ተሳፋሪ እስኪሞላ ሲጠብቁ ሰዓቱ አለፈ። ሲደርስ አፈሩ ተስተካክሎ ነበር። ይህን የነገረኝ ጎረቤት ነው፣ እርሱ አላናገረኝም። ድንኳኑ ውስጥ ሻይ ያዞራል።

ወይዘሮ ዘይነባ አንገቴን አቅፈው አለቀሱ። ሐዘን ላይ ያለ ሙስሊም ምን እንደሚባል ለዐሥራ አራት ዓመት አስተምሬ፣ ከአፌ የወጣው «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ነው። አላስተዋሉትም።

«ዕድሜ ላንቺ ልጄ» አሉኝ። «ያንን ነገር ባትነግሪኝ ምን እሆን ነበር? ሦስት ሌሊት ተኝተው ሄዱ። ውሃው እንደ ቡና ጠቁሮ ነበር። ጨርሰው ‹አልሐምዱሊላህ› አሉ።»

ቢሰድቡኝ እመርጥ ነበር።

ከዚያ እጄን ይዘው ወንዶቹ ወዳሉበት ድንኳን ጥግ ወሰዱኝ። ጨርቅ ነጋዴ፣ ቆዳ ነጋዴ፣ የበርበሬ ነጋዴ፣ ሃምሳ ያህል ሰው። «ያችን ገጽ በዓይኗ ያየች የተማረች ሰው ይቺ ናት። አሁን ገጹም የለ፣ ሐጂም የሉ። ንገሪያቸው ልጄ፣ ምን ይል ነበር?»

ነገርኳቸው። ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ ገበያውን፣ ዓመቱን። በዐረብኛ አልኩት፣ በአማርኛ ደገምኩት። የጻፈው ሰው እዚህ ተቀምጦ፣ ከእነርሱ አያቶች ጋር ሲገበያይ የኖረ ሰው መሆኑን ጭምር። አንድ ሽማግሌ ፎጣቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ። «ሐጂ ሲሉን እኮ ተረት እየመሰለን» አሉ።

ድንኳን ውስጥ እውነት መናገር እንዴት ቀላል ነው! ማዕረግ የሚሰጥም የሚነሣም ሰው የለበትም።

ኑሩ ትሪውን እንደያዘ ቆሞ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ስጨርስ ለቀጣዩ ሰው ሻይ አቀረበ። ለእኔም አቀረበልኝ።

ሰኞ፣ ሰኔ 16

ግማሽ ገጽ ደብዳቤ። ጠዋት ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጻፍኩት። ገጹን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ዘመኑ ኑሩ የገለበጠው ነው፤ ዓርብ ስጠየቅ ደብቄያለሁ፤ የኔ ጽሑፍ ተሳስቷል። ሌላ ምንም አልጨመርኩም። ስለ ስልኩም፣ ስለ ሰዓቱም አልጻፍኩም። ስለ እርሱ የምጠየቀው ኮሚቴ ዘንድ አይደለም።

ይበልጣል እንዳየኝ ተነሥቶ አቀፈኝ። «ጸደቀልሽ! አሁን ከስብሰባ መውጣቴ ነው።» ደብዳቤውን ሰጠሁት። ቆሞ አነበበው፣ ተቀምጦ ደገመው።

«ፎቶ አለሽ?»

«የለኝም።»

«ምስክር?»

«ኑሩ።»

«ኑሩማ ባለጉዳይ ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚኝ እህቴ። ሐዘን ቤት ውለሽ ልብሽ ተነክቷል። ቃለ ጉባኤው ተፈርሟል፣ ፈታኙ ሄዷል። ይህ ወረቀት እሱን አያነሣውም፤ አንቺን ግን ይጥልሻል። ገና መዝገብ ቤት አልገባም። ውሰጂው።»

ክፉ ሰው አይደለም። ለእኔ ማሰቡ ነው። ለአፍታ ቦርሳዬን ከፈትኩት፤ ይህንንም ልጻፍ።

መዝገብ ቤት ዝናብ የሸሹ ሰዎች ተጠግተዋል። የመዝገብ ቤቷ ሴት የደብዳቤውን ሦስት ቅጂ ተቀበለችኝ፣ ላዩን አየች፣ ቀና ብላ አየችኝ። ማኅተሙን አንሥታ «ይመታ?» አለች።

«ምቺው።»

መታችው። ቁጥር ሰጠችው። ወጪና ገቢ መዝገቡ ላይ ስሜን ስትጽፍ አጠገቧ ቆሜ ጠበቅሁ። ለእኔ የተመለሰውን ቅጂ ደረጃው ላይ ሆኜ ፎቶ አንሥቼ ለኑሩ ላክሁለት።

ከአንድ ሰዓት በኋላ እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦

«ዓርብ ማታ አባባ በስልክ ‹ዶክተሯ ምን አለች?› ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ‹በዓይኔ አየሁት አለች› አልኩት። ደስ ብሎት ተኛ፤ አልነቃም። የዋሸሁትን እውነት ስላደረጉልኝ አመሰግናለሁ። ከዛሬ በኋላ ግን አይጻፉልኝ።»

መልስ ጀመርኩ፣ አጠፋሁት። እንደገና ጀመርኩ። አሁን ዐሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል፤ ዝናቡ አባርቷል፣ ቢሮዬ ውስጥ ተቀምጬ ስልኩን እያየሁ ነው።